ምሥጢር በፖስታ ጀርባ አይጻፍም

በቀድሞ ዘመን መልእክተኛ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ደብዳቤ ይዞ ሲሄድ፥ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ አድርጎ ላየው ሁሉ በግልጥ እያሳየ ይጓዝ ነበር። በትሩን ያየ መንገደኛ መልእክተኛ መሆኑን ዐውቆ ያሳልፈዋል፤ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ቃል ግን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ስለ ምን ቢሉ ወረቀቱ የታጠፈ፥ ማኅተምም ያረፈበት ስለ ሆነ ነው። ኋላም የፖስታ ሥርዓት በመጣ ጊዜ ይኸው ደንብ ጸንቶ ቈየ፤ በፖስታው ጀርባ የሚጻፈው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው፥ ምሥጢሩ በውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። የቤቱን ቍልፍ በፖስታው ጀርባ አስሮ፥ በላዩም የቤቱን አድራሻ ጽፎ የሚልክ ሰው ቢገኝ፥ ባልንጀሮቹ ሁሉ አእምሮውን በተጠራጠሩ ነበር።

ዳሩ ግን ይህን የመሰለ ሥራ በኢንተርኔት መንገድ ላይ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። ይኸውም የአንድን ሰው ማንነት የሚመሰክረውን ምልክት፥ በባለሙያዎች አጠራር ቶከን የሚባለውን፥ በድረ ገጽ አድራሻ ላይ ጽፎ ማስተላለፍ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የባለሙያዎች ጕዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሕዝብ መታወቂያውን፥ ገንዘቡንና የጤናውን ነገር በኢንተርኔት አማካይነት ለመሥሪያ ቤቶች በሚያስረክብበት በዚህ ዘመን፥ ጕዳዩ የአደራ ጕዳይ ነው። አደራ የተቀበለ ሹም ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በመጀመሪያ ቶከን ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰው በስሙና በይለፍ ቃሉ ወደ አንድ አገልግሎት ሲገባ፥ ያ አገልግሎት በየገጹ ማንነቱን እንደ ገና እንዳይጠይቀው ረጅም የፊደልና የቍጥር ድርድር ይሰጠዋል። ይህ ድርድር እንደ ይለፍ ወረቀት ነው፤ በበር የቆመው ዘበኛ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ የያዘውን ሰው መልክ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ በእጁ የተገኘ ሁሉ እንደ ባለቤቱ ተቈጥሮ ይገባል። ባለቤቱ ያየውን ያያል፥ ባለቤቱ የሚያዘውንም ያዛል።

ሁለተኛም የድረ ገጽ አድራሻ እንዴት እንደሚጻፍ መመልከት ነው። አስቀድሞ የቤቱ ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ ወደሚፈለገው ገጽ የሚያደርሰው መንገድ ይከተላል፤ ከዚያም አንድ የጥያቄ ምልክት ይደረግና ለቤቱ የሚነገረው ተጨማሪ ቃል ይጻፋል። ተጨማሪው ቃል «ሦስተኛውን ገጽ አሳየኝ» የሚል ቢሆን ክፉ የለውም። ጕዳቱ የሚመጣው አሠሪዎች ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ቶከኑን፥ ወይም የባለጕዳዩን ስም፥ የስልክ ቍጥር፥ የመታወቂያ ቍጥር የጻፉ እንደ ሆነ ነው።

ይህንንም የሚያደርጉት ክፉ አሳብ ስላላቸው አይደለም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት፥ ለምሳሌ ከመታወቂያ አገልግሎት ወደ ባንክ፥ ባለጕዳዩን ከነማስረጃው ለማሻገር አድራሻ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ስለ ሆነ ነው። በስልክ መልእክት የሚላክ ማስፈንጠሪያም ቶከኑን በውስጡ ቢይዝ፥ ሽማግሌው የይለፍ ቃል ሳይጽፍ በአንድ ንክኪ ወደ ፈለገው ገጽ ይደርሳል። ደግሞም በጥንቱ ጊዜ አንዳንድ ስልኮችና ማሰሻዎች ኩኪ የሚባለውን ትንሽ ማስታወሻ የማይቀበሉ ስለ ነበሩ፥ ሠሪዎች ምልክቱን በአድራሻ ላይ ከመጻፍ በቀር ሌላ ብልኃት ያጡበት ዘመን ነበር። ነገር ግን ችግሩ ካለፈ በኋላ ልማዱ ቀርቶ አልተገኘም።

የአድራሻ ባሕርዩ መታየት ነው። የሚታይባቸውም ስፍራዎች በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው ባለጕዳዩ የሚሠራበት ኮምፒውተር ራሱ ነው። ማሰሻው የተጐበኘውን አድራሻ ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ይጽፋል። ለምሳሌ ያህል አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን የጡረታ ጕዳይ ለመከታተል ወደ ኢንተርኔት ቤት ቢሄዱ፥ እርሳቸው ሒሳባቸውን ከፍለው ከወጡ በኋላ በዚያው ወንበር የተቀመጠው ሌላ ደንበኛ የታሪክ መዝገቡን ከፍቶ አድራሻውን ያገኘዋል። ቶከኑም ጊዜው ያላለፈ እንደ ሆነ፥ የባልቴቷ ጕዳይ እንዳለ በፊቱ ይዘረጋለታል።

ሁለተኛው የአገልግሎቱ ቤት መዝገብ ነው። ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተርና በመካከል ያሉት አሳላፊዎች የሚመጣላቸውን አድራሻ በመዝገብ መጻፍ ልማዳቸው ነው። የይለፍ ቃል የተቀመጠበት ሣጥን በጥንቃቄ ይቈለፋል፤ ይህ መዝገብ ግን ለጥገናና ለቍጥጥር ሲባል ለብዙ ሠራተኞች ክፍት ይሆናል፥ ግልባጩም ለወራት ተከማችቶ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የተሸሸገው ነው። አንባቢ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ቤት ገጽ ሲሻገር፥ ወይም ገጹ ራሱ ሥዕልንና ማስታወቂያን ከሌላ ቤት ሲያስመጣ፥ ማሰሻው ለዚያ ለሌላው ቤት «የመጣሁት ከዚህ አድራሻ ነው» ብሎ ይናገራል። ይህ ቃል ሪፈረር ይባላል። በ1996 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው ደንብ ላይ በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻፍ የሚገባት ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፋ ወጣች፤ ግድፈቱም ሳይታረም እስከ ዛሬ በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ይሠራበታል። የብራና ጸሓፊ ቢገድፍ ፍቆ ያርማል፤ በዓለም ሁሉ የተዘረጋ አሠራር ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ በቀላሉ አይፋቅም። ወደ ነገሩ ለመመለስ፥ በአድራሻው ላይ ቶከን የተጻፈ እንደ ሆነ ሪፈረር ያንኑ ቶከን ይዞ ባለጕዳዩ ስሙን እንኳ ወዳልሰማው ወደ ማስታወቂያ ኩባንያ ሊደርስ ይችላል።

አራተኛው የባለጕዳዩ የገዛ እጁ ነው። ሰው ያየውን ገጽ ለወዳጁ ለማሳየት አድራሻውን ገልብጦ በቴሌግራም ይልካል። ገጽ የላከ ይመስለዋል፤ የላከው ግን የቤቱን ቍልፍ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደ ተባለው፥ ያ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ምናልባት አንድ ሰው «አድራሻው ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው የምሥጢር ጽሕፈት ተጠብቆ ይጓዝ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይህ ጥበቃ በመንገድ ላይ አድፍጦ የሚጠብቀውን ሰላይ ከቤቱ ስም በኋላ ያለውን ቃል እንዳያነብ ይከለክለዋል። ነገር ግን ከላይ የተቈጠሩት አራቱ ስፍራዎች ከመንገዱ ጫፍና ጫፍ ያሉ ናቸው እንጂ በመንገዱ መካከል አይደሉም። የታሸገው ከደረሰበት ስፍራ ተከፍቶ ይጻፋል፤ ስለዚህ የመንገዱ ጥበቃ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ግምት እንዳይመስል የሆነውን ነገር መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ባላቻንደር ክሪሽናሙርቲና ክሬግ ዊልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፥ በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ የሚገኘው የሰው መለያ ቍጥር በሪፈረርና ይህን በመሳሰሉት መንገዶች ወደ ሌሎች ኩባንያዎች እንደሚፈስ አስረዱ። በ2010 ዓ.ም. በሜይ ወር ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፥ ፌስቡክና ማይስፔስ የተጠቃሚዎችን ስም ወይም መለያ ቍጥር በዚሁ መንገድ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች ሲያሳልፉ መገኘታቸውን ጻፈ። ማስታወቂያ የተጫነ ሰው፥ ሲጫን የነበረበት ገጽ አድራሻ ከነመለያው ተከትሎት ይሄድ ነበር።

ከዚህ የባሰው በ2011 ዓ.ም. በሜይ ወር ተገለጠ። ሲማንቴክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ እንዳስታወቀው፥ በፌስቡክ ላይ የሚሠሩ የጨዋታና የሌላም አገልግሎት ፕሮግራሞች በቀድሞው የመግቢያ ሥርዓት ሲጠቀሙ የተጠቃሚውን ቶከን በአድራሻቸው ላይ ይቀበሉ ነበር። ገጻቸውም ማስታወቂያንና ቈጣሪን ከሌላ ቤት ሲያስመጣ፥ ሪፈረር ቶከኑን ይዞ ይወጣል። ሲማንቴክ በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር እንዲህ የሚያፈሱት ፕሮግራሞች ወደ 100,000 እንደሚጠጉ ገመተ። ቶከኑን ያገኘ ሰው እንደ ተሰጠው ፈቃድ መጠን የተጠቃሚውን ገጽ ማየት ወይም በስሙ መጻፍ ይችል ነበር። ፌስቡክ በበኩሉ መረጃ ላልተፈቀደለት ሰው ስለ መድረሱ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ መለሰ፤ ሆኖም ፕሮግራሞቹ ሁሉ በዚያው ዓመት እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን ወደ አዲሱ የመግቢያ ሥርዓት እንዲዛወሩ አዘዘ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በኖቬምበር 2011 ዓ.ም. በኩባንያው ላይ ባቀረበው ክስ፥ የተጠቃሚዎች መለያ ለማስታወቂያ ሰዎች መተላለፉን ከጥፋቶቹ አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል።

ነገሩ በነጋዴዎች ቤት ብቻ የሚገኝ እንዳይመስል፥ አንድ የመንግሥት ሥራም ይጨመር። የአሜሪካ መንግሥት ሕዝቡ የጤና መድን የሚመርጥበት ሄልዝኬር ዶት ገቭ የሚባል ድረ ገጽ አለው። በ2015 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር አሶሺዬትድ ፕሬስና ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እንዳስታወቁት፥ ባለጕዳዩ የሚሞላው ዕድሜ፥ የገቢ መጠን፥ የመኖሪያ ሰፈሩ የፖስታ ቍጥር፥ ትምባሆ የሚያጤስ መሆኑና አለመሆኑ፥ ሴትም ብትሆን ማርገዟና አለማርገዟ በአድራሻው ላይ ይጻፍ ነበር፤ አድራሻውም ወደ ማስታወቂያና ወደ ጐብኚ ቈጠራ ኩባንያዎች ይሄድ ነበር። ወሬው ከተሰማ በኋላ ብዙ ቀን ሳይቈይ መንግሥቱ ሥራውን አሻሻለ። ነገር ግን መታረሙ የሄደውን አልመለሰውም።

በእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሌባ በመስኮት አልገባም፥ መዝጊያም አልተሰበረም። ሁሉ እንደ ተሠራው በደኅና ሠራ፤ ማሰሻው ልማዱን ፈጸመ፥ ሰርቨሩ መዝገቡን ጻፈ፥ ማስታወቂያው መጣ፥ ምሥጢሩም ወጣ። ሰባሪ ባለበት ስፍራ ጩኸት ይሰማል፥ ፖሊስም ይጠራል፥ ባለቤቱም ይነቃል። በዚህ ግን ጩኸት ስለሌለ ባለአደራውም አደራ ሰጪውም ሳያውቁት ዓመታት ያልፋሉ። የጕዳዩ ክፋት በዚህ ላይ ነው።

የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጡ ሊቃውንትም ይህን ያወቁት ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ፥ አገልግሎት የሚሠሩ ሰዎች ጥንቃቄ የሚያሻውን ነገር በአድራሻ እንዳያስተላልፉ፥ ምክንያቱም አድራሻ በየመዝገቡ የሚጻፍ እንደ ሆነ ገለጡ። በ2005 ዓ.ም. የአድራሻን አጻጻፍ የሚወስነው ደንብ ምሥጢር ሊሆን የሚገባው የይለፍ ቃል በአድራሻ ውስጥ እንዳይገባ መከረ። በ2012 ዓ.ም. ስለ ቶከን አጠቃቀም የወጣው ደንብ፥ ቶከንን በአድራሻ የመላክን መንገድ ከጻፈ በኋላ ሌላ መንገድ ካልጠፋ በቀር እንዳይደረግ አሳሰበ። በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. የወጣው የጥበቃ መመሪያ ግን ምክሩን ትቶ ፈጽሞ ከለከለ። ከምክር እስከ ክልከላ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ይህም ሊቃውንቱ ስለ ዘገዩ ብቻ አይደለም፤ ማሳሰቢያ የቀለለውን መንገድ የለመደ ሠሪን እንደማይመልሰው የሚያሳይ ነው።

የማሰሻ ሠሪዎችም በበኩላቸው አንድ መልካም ነገር አድርገዋል። ክሮም የተባለው ማሰሻ ከ2020 ዓ.ም.፥ ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ገጹ ራሱ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ በቀር ለሌላ ቤት የሚናገሩት የመጡበትን ቤት ስም ብቻ ሆነ፤ ሙሉውን አድራሻ አይናገሩም። ይህ ሦስተኛውን ቀዳዳ አጥብቦታል። ነገር ግን በገጹ ውስጥ የገባ የባዕድ ፕሮግራም አድራሻውን ራሱ ማንበብ ይችላል፤ የታሪክ መዝገቡም፥ የሰርቨሩ መዝገብም፥ በቴሌግራም የሚላከውም እንደ ነበሩ ናቸው።

ወደ አገራችን ኢትዮጵያ ስንመለስ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይቀርም። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 1284/2015፥ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅም ቍጥር 1321/2016 ሆነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ታውጀዋል። ፋይዳ የተባለው መታወቂያ በባንክና በሌሎችም አገልግሎቶች የሰውን ማንነት ለማረጋገጥ ይሠራበታል። ይህን መጥራት በፋይዳ ሥራ ላይ ጕድለት ተገኘ ለማለት አይደለም፤ መታወቂያው ጠንካራ ቢሆንም እርሱን ተቀብለው የሚሠሩት ቤቶች ብዙ ስለ ሆኑ፥ ከእነርሱ አንዱ የሚያደርገው ስንፍና የሁሉን አመኔታ እንደሚያጐድል ለማስታወስ ነው። ቶከን ቢወጣ ይሻራል፥ በሌላም ይለወጣል፤ የሰው ስም፥ የልደት ቀንና የመታወቂያ ቍጥር ግን አንድ ጊዜ ከወጡ በኋላ እንደ ልብስ አይለወጡም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢሉ፥ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፥ ብዙ ወጪም አያስፈልገውም። ቶከን በፖስታው ጀርባ ሳይሆን በፖስታው ውስጥ ይጓዝ፤ ይኸውም በአድራሻው ሳይሆን ከጥያቄው ጋር በሚላከው ራስጌ ወይም በኩኪ ይላክ። ቅጽ የሚሞላ ባለጕዳይ የጻፈውም ነገር እንዲሁ በጥያቄው ሆድ ውስጥ ይሂድ። ባለጕዳዩን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማሻገር የግድ ሲሆን፥ በአድራሻው ላይ የሚጻፈው ቶከኑ ራሱ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ይሁን፤ ተቀባዩ ቤት ያን ኮድ በስተ ውስጥ ለሰጪው ቤት አቅርቦ ቶከኑን ይቀበላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የዚህ ኮድ ዕድሜ ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመክራል፥ ሁለት ጊዜም እንዳይሠራበት ይከለክላል። የይለፍ ቃል ለጠፋበት ሰው የሚላከው ማስፈንጠሪያ ምልክት ሳይዝ ሊሆን ስለማይችል፥ እርሱም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራና ዕድሜው አጭር ይሁን። መግቢያው ባለበት ገጽ ላይ የባዕድ ማስታወቂያና ቈጣሪ ፈጽሞ አይግባ።

ሹማምንት የኮምፒውተርን ጥበብ ሁሉ እንዲማሩ አይጠየቅም። ነገር ግን መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አገልግሎት ከተቋራጭ ሲረከብ አንድ ቀላል ፈተና ማድረግ ይችላሉ። በራሳቸው ስም ገብተው በማሰሻው ራስጌ ላይ ያለውን አድራሻ ያንብቡ፤ ስማቸው፥ ቍጥራቸው ወይም ትርጕም የሌለው ረጅም ድርድር ከተጻፈበት ይጠይቁ። ቀጥሎ ያንን አድራሻ ገልብጠው በሌላ ኮምፒውተር ይክፈቱት፤ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ የእርሳቸውን ጕዳይ ካሳየ፥ ሥራው ተፈጽሟል ብለው አይፈርሙ። ይህ ፈተና ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በውሉ ውስጥም እንዲህ ያለው አሠራር የተከለከለ መሆኑ በግልጥ ይጻፍ።

ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። በየሰፈሩና በየደብሩ ያልተማረ ሰው መልእክት ሲደርሰው ወደ ተማረው ይዞ ይመጣል፤ በቀድሞ ዘመን ደብዳቤ እንደሚያነብለት ሁሉ ዛሬም ስልኩን አቅርቦ «ይህን አንብብልኝ፥ ይህን ሙላልኝ» ይለዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው የባለጕዳዩን ገጽ ከፍቶ ሳለ አድራሻውን ገልብጦ ለሌላ አይላክ፤ ሥራውም ሲፈጸም መውጫውን ተጭኖ ይውጣ፤ በሰው ኮምፒውተር የሠራ እንደ ሆነ የታሪክ መዝገቡን ያጥፋ። አድራሻው ባልሆነ ሰው እጅ መግባቱን የጠረጠረ ሰውም ሳይውል ሳያድር የይለፍ ቃሉን ይለውጥ፥ ለአገልግሎቱም አስታውቆ ቀድሞ የተሰጡት ቶከኖች እንዲሻሩ ይጠይቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ለመሰለ ነገር ነው። ሌሎች አገሮች ምሥጢሩ ከወጣ በኋላ አርመዋል። በኢትዮጵያ ብዙው አገልግሎት ገና በመሠራት ላይ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ እንደዚያች እንደ ተገደፈችው ፊደል ሥር ሳይሰድ ማቅናት ይቻላል። ሕዝብ ስሙንና መለያውን ለመሥሪያ ቤት ሲሰጥ ማንም መንገደኛ እንዲያነበው አይደለም፤ ወረቀቱ ይታጠፋል፥ ማኅተሙም ይጠበቃል ብሎ አምኖ ነው። ይህን እምነት የተቀበለ ባለአደራ በፖስታው ጀርባ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ይጻፍ፥ ቍልፉንም በውስጥ ያኑር።